ሹካ የታጠቀው ሸርጣን፦ «አናዘር ክራብስ ትሬዠር»ን ለሚጀምሩ የደረጃ በደረጃ መመሪያ

ክሪል የሚባል ትንሽ ሸርጣን በባሕር ዳር ኩሬ ውስጥ ማንንም ሳይነካ፣ ማንም ሳይነካው ይኖራል። አንድ ቀን አራጣ አበዳሪ ሻርክ ደጁ ላይ ይደርሳል። ለአካባቢው ገዥ ለዱቼስ ማጂስታ ያልከፈልከው ግብር አለብህ ይለውና ቅርፊቱን ከጀርባው ገፎ ይዞት ይሄዳል። ሸርጣኑ ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ከቤተ መንግሥት ዘበኞች ጋር የሚደረገው ፍልሚያም፣ በቆሻሻ የተገነባችው ከተማም፣ ክሪልን በአንድ ጉርሻ የሚውጡት አውሬዎችም፣ ያችን ቅርፊት ለማስመለስ ሲባል የሚያጋጥሙት ናቸው። መሣሪያው ደግሞ ከሰው ማዕድ ወድቆ ባሕር የገባ አንድ ሹካ ነው።

«አናዘር ክራብስ ትሬዠር» የተባለው ቪዲዮ ጌም የሚጀምረው እንዲህ ነው። የሠራው በአሜሪካ ሲያትል የሚገኘው አግሮ ክራብ የተሰኘ አነስተኛ ስቱዲዮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ለኮምፒውተር፣ ለፕሌይስቴሽን 5፣ ለኤክስቦክስ ሲሪስ እና ለኔንቲንዶ ስዊች ወጥቷል። ስቱዲዮው ቀደም ብሎ በ2020 «ጎይንግ አንደር» በተሰኘ ጌም ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ተሳልቆባቸዋል፤ በዚህኛው ፌዙን ይዞ ወደ ባሕር ወለል ወርዷል። መልኩ የልጆች ካርቱን ይመስላል። በቀለሙ ተታልሎ የገባ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያዎቹ ዘበኞች ጋር ሲገናኝ ደጋግሞ ይሞታል። የሚከተሉት ደረጃዎች ያንን ሞት ለመቀነስ የተዘጋጁ ናቸው።

1. የጌሙን ዘር ይወቁ

ጌሙ የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በ2011 «ዳርክ ሶልስ»ን ካወጣ ወዲህ ስመ ጥር የሆነው አስቸጋሪ የጌም ዓይነት ልጅ ነው። የዚህ ዓይነት ጌም ሕጎች ጥቂት ናቸው። ተራ የሚመስል ጠላት በጥቂት ምት ይገድላል። ሲሞቱ ያጠራቀሙት ገንዘብ በሞቱበት ቦታ ይወድቃል፤ ተመልሰው እዚያው ካልደረሱ፣ በመንገድ ላይም እንደገና ከሞቱ፣ ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው። ማረፊያ ላይ ባረፉ ቁጥር ጤናዎ ይሞላል፤ የገደሏቸው ተራ ጠላቶችም አብረው ይነሳሉ።

አግሮ ክራብ የአባቱን ቤት አልካደም፤ ይቀልድበታል እንጂ። የፍሮምሶፍትዌር «ኤልደን ሪንግ» የሚካሄድበት ምድር «ዘ ላንድስ ቢትዊን» ሲባል፣ የክሪል ሰፊው አሸዋማ ሜዳ «ዘ ሳንድስ ቢትዊን» ተብሏል።

ማረፊያዎቹ የጨረቃ ቀንድ አውጣ ዛጎሎች ናቸው። አዲስ ቦታ ሲገቡ የመጀመሪያው ሥራዎ ዛጎሉን መፈለግ ይሁን። ካገኙት በኋላ ወደፊት የሚያደርጉት ጉዞ ሁሉ ከእሱ ይለካል፦ ምን ያህል ገንዘብ ይዣለሁ? ምን ያህል ርቄያለሁ? ልመለስ ወይስ ልቀጥል? ጌሙ በአማርኛ አልተዘጋጀም፤ ሆኖም በየዕቃው ሥር ያለው የእንግሊዝኛ ማብራሪያ አጭር ስለሆነ ሳያነቡ ማለፍ አያዋጣም። አንድ ዕቃ ምን እንደሚሠራ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ብቻ ነው።

2. ማስተካከያውን ሳያፍሩ ይክፈቱ

የዚህ ዓይነት ጌም ተከታዮች «ቀላል አማራጭ ይኑር ወይስ አይኑር» በሚለው ሲከራከሩ ዓመታት ቆጥረዋል። አግሮ ክራብ ክርክሩን ወደ ማስተካከያ ገጹ አምጥቶ ምርጫውን ለተጫዋቹ ሰጥቶታል። እዚያ ቅርፊቶች ቶሎ እንዳይሰበሩ፣ በክሪል ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንዲቀንስ፣ የጠላት ጤና ዝቅ እንዲል፣ ሲሞቱም ገንዘብዎ እንዳይወድቅ ማድረግ ይቻላል። የጌሙን አጠቃላይ ፍጥነት ማዘግየትም እንዲሁ።

ከሁሉም የታወቀው ግን «ለክሪል ሽጉጥ ስጠው» የሚለው ነው። ይህን የመረጠ ተጫዋች ከሸርጣኑ የሚበልጥ ሽጉጥ እንደ ቅርፊት ተሸክሞ ይመጣል። የባሕሩ አስፈሪ ሁሉ በጥይት ይወድቃል። ቀልድ ነው፤ ግን ይሠራል። ታሪኩን ብቻ ማየት ለሚፈልግ፣ ወይም ከልጁ ጋር ለሚጫወት ወላጅ እውነተኛ መፍትሔ ነው።

ለጀማሪ የሚሻለው መንገድ መካከለኛው ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ ይሞክሩት። አንድ ቦታ ላይ ተጣብቀው መዝናናቱ ከጠፋብዎ የቅርፊት ጥንካሬን ብቻ ከፍ ያድርጉ። እሱ አልበቃ ሲል ጉዳት መቀነሻውን ይጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የከፈተ ሰው የውጊያውን ስልት ሳይማር ያልፋል፤ ቆይቶ አማራጮቹን ልዝጋ ሲል ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

3. ቅርፊት ይልበሱ፣ ከዚያም ይጣሉት

የጌሙ ልብ ይህ ነው። ክሪል ቅርፊቱን ስለተነጠቀ በባሕሩ ወለል ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ ይለብሳል፦ የለስላሳ ጣሳ፣ የቴኒስ ኳስ፣ የአረቄ መለኪያ፣ ሌላም ሌላም። በጌሙ ውስጥ ከ60 በላይ የተለያዩ ቅርፊቶች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ክብደት፣ የራሱ ጥንካሬ፣ የራሱም ልዩ ችሎታ አለው።

ጀማሪዎች የሚወድቁበት ወጥመድ አንድ ነው፤ ጥሩ ቅርፊት ሲያገኙ ይሳሱለታል። እንዳይሰበር ብለው ከጠላት ይሸሻሉ፣ መመከት ሲገባቸው ይንከባለላሉ፣ በመጨረሻም ቅርፊቱ ሳይነካ እነሱ ይሞታሉ። ቅርፊትን እንደ ሞባይል ካርድ ይቁጠሩት፤ ፍቀው፣ ተጠቅመው፣ የሚጥሉት ነገር ነው። ሌላው በአሸዋው ላይ ተጥሎ ይጠብቅዎታል።

ሲመርጡ ክብደትን ያስቀድሙ። ከባድ ቅርፊት ብዙ ምት ይችላል፤ ነገር ግን ክሪልን ያዘገየዋል፣ ሲንከባለልም ይጎትተዋል። ቀላሉ ቶሎ ይሰበራል፤ ግን እንደልብ ያስሮጣል። ፈጣን ጠላት ፊት ቀላል፣ ቀስ ብሎ በኃይል የሚመታ ጠላት ፊትም ቀላል ይልበሱ። ከባዱ የሚጠቅመው ብዙ ትንንሽ ጠላቶች ከየአቅጣጫው ሲከብቡዎት ነው።

እውነተኛው ሸርጣንም የሚኖረው በዚህ ሕግ ነው። ክሪል የተቀዳበት የሸርጣን ዓይነት የሆዱ ክፍል ለስላሳና ጠመዝማዛ ስለሆነ የሞተ ቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ሰውነቱ ባደገ ቁጥር ዛጎሉ ይጠበዋል፤ ሰፋ ያለ መፈለግ አለበት። በአንዳንድ የባሕር ዳርቻዎች ትልቅ ዛጎል ሲገኝ ሸርጣኖቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ በመጠናቸው ይሰለፋሉ። ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ሁለተኛው የእሱን ይወርሳል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን፤ እንዲህ እያለ ሰልፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቤት ይለውጣል። ሰላም ካልተገኘም ጠብ አለ፤ አንዱ የራሱን ዛጎል ከሌላው ዛጎል ጋር ደጋግሞ እያጋጨ ባለቤቱን ያስወጣል።

ቆሻሻ መልበሱም የጌም ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ2024 የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የለጠፏቸውን ፎቶዎች መርምረው፣ በየብስ ከሚኖሩት 16 የዚህ ሸርጣን ዝርያዎች 10ሩ ሰው ሠራሽ ነገር ለብሰው መታየታቸውን አሳትመዋል። በብዛት የተገኘው የፕላስቲክ ክዳን ነበር። ነገሩ ሌላ ገጽም አለው። በ2019 የወጣ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ ኮኮስ ደሴቶች እና በፓስፊክ ሄንደርሰን ደሴት ብቻ 570,000 ያህል ሸርጣኖች በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገብተው መውጣት አቅቷቸው እንደሞቱ ገምቷል።

4. መመከትን ከመንከባለል ያስቀድሙ

ሌሎች የዚህ ዓይነት ጌሞችን የተጫወቱ ሰዎች እጃቸው መንከባለልን ለምዷል። እዚህ ግን ጋሻው ከጀርባ ነው። የመመከቻውን ቁልፍ ሲጫኑ ክሪል ወደ ቅርፊቱ ሰብሰብ ይላል፤ ምቱ ከጤናው ሳይሆን ከቅርፊቱ ጥንካሬ ይቀነሳል።

በመጀመሪያው ትልቅ ሥፍራ፣ በአሸዋ በተገነባው በስላክታይድ ግንብ፣ አንድ ዘበኛ ፊት ለፊት ሲመጣ ይሞክሩት። ራቅ ብለው ይቁሙና ዓይንዎን ከእሱ ላይ ሳያነሱ ያነጣጥሩበት። መሣሪያውን ያነሳል፤ ወዲያው አይመታም፣ ለአፍታ ያቆየዋል። ብዙ ሰው የሚሞተው በዚች አፍታ ቀድሞ ተንከባልሎ ነው። ቁልፉን ይዘው ይጠብቁ። አንድ ምት ወረደ፣ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው ወረደ። ምቱን ሲጨርስ መሣሪያውን ለመመለስ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያ ክፍተት በሹካ ሁለት ጊዜ ይውጉና ወደኋላ ይበሉ። ሦስተኛ ልጨምር አይበሉ። ቅርፊቱ ከተሰበረ አይደንግጡ፤ ራቁቱን የቀረ ክሪል በጥቂት ምት ቢሞትም ሲንከባለል ፈጣን ነው። እየሸሹ በአቅራቢያው የተጣለ ሌላ ቆሻሻ ያንሱ።

ይህን ከለመዱ በኋላ «ፓሪ» የተባለውን ችሎታ ይግዙ፤ ምቱን በትክክለኛዋ ቅጽበት ሲመልሱ ቅርፊትዎ ሳይጎዳ ጠላት ይናወጣል። ጊዜው እስኪገባዎት መለማመጃዎ ተራ ዘበኛ ይሁን።

5. ሚዛኑን ያስቱት

ጠላት ከጤናው ሌላ የሚዛን መለኪያ አለው። ምትዎ በተደጋገመ ቁጥር መለኪያው ይሞላል፤ ሲሞላ ጠላቱ በጀርባው ይገለበጣል፣ ለጥቂት ሰኮንድም መከላከል አይችልም። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ያኔ ነው።

መለኪያውን ቶሎ የሚሞላው ቁልፉን ይዘው የሚለቁት ከባዱ ምት ነው። ስለዚህ ጠላት ረጅም ምት ጨርሶ ሲደክም ቀላሉን ምት ከማዥጎድጎድ አንድ ከባድ ምት ማሳረፍ ይሻላል። መለኪያው እንዳይወርድ ደግሞ ከጠላት ብዙ አይራቁ።

6. ኡማሚን አያከማቹ

በሹካ ሲመቱ የሚሞላ ሌላ መለኪያ አለ፤ ስሙ ኡማሚ ነው። በሌሎች ጌሞች አስማት የሚባለው እዚህ ጣዕም ሆኗል። ኡማሚ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የለበሱት ቅርፊት ያለውን ልዩ ችሎታ ማስነሳት ነው፤ እያንዳንዱ ቆሻሻ የራሱ ስላለው አዲስ ቅርፊት ባገኙ ቁጥር አንዴ ሞክረው ይዩት። ሁለተኛው ከታላላቅ ጠላቶች የሚወረሱትን ኃይለኛ ችሎታዎች መጠቀም ነው።

የጀማሪ ጥፋት ለክፉ ቀን ብሎ ማስቀመጥ ነው። መለኪያው ሙሉ ሆኖ ሲመቱ የሚገኘው ኡማሚ በከንቱ ይቀራል። ቅርፊቱ ሊሰበር ሲቃረብ ደግሞ ችሎታውን አስቀድመው ያስነሱ፤ ከተሰበረ በኋላ አብሮ ሄዷል።

7. ገንዘቡ ማይክሮፕላስቲክ ነው፤ ይወቁበት

በዚህ ባሕር ሸርጣኖች የሚገበያዩት በማይክሮፕላስቲክ ነው። ጠላት ሲገደል ይወድቃል፤ በጨረቃ ዛጎሎች ዘንድ ደረጃ ለማሳደግም፣ በከተማ ዕቃ ለመግዛትም ያገለግላል።

ደረጃ ሲያሳድጉ አራት ምርጫ ይቀርብልዎታል፦ ጤና፣ መከላከል፣ የምት ኃይል፣ እና ኤምኤስጂ። የመጨረሻው ምግብ ማጣፈጫው ነው፤ በጌሙ ግን የኡማሚ ችሎታዎችን ያጠነክራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ጤናን ቢያስቀድም ያተርፋል። አንድ ምት ተጨማሪ መቻል የጠላትን ስልት አንድ ጊዜ ተጨማሪ ማየት ነውና። ከዚያ በኋላ በሹካ መውጋት የሚወድ ወደ ምት ኃይል፣ በችሎታ መፋለም የሚወድ ወደ ኤምኤስጂ ያዘንብል። ለአራቱም እኩል ማካፈል ክሪልን በሁሉም መካከለኛ ያደርገዋል።

ቦስ፣ ማለትም የአንድ ሥፍራ ታላቅ ጠላት፣ ከሚጠብቅበት በር በፊት አንድ ነገር አይርሱ፦ የያዙትን ገንዘብ ጨርሰው ይግቡ። ባዶ ኪስ ሲሞት የሚያጣው የለም።

8. ወደ ኒው ካርሲኒያ ሲደርሱ ሥራ ይሥሩ

ኒው ካርሲኒያ ከሰው ቆሻሻ የተገነባች፣ በመብራት የተንቆጠቆጠች የሸርጣኖች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ከላይ የሚወርድላቸውን ቆሻሻ እንደ በረከት ይቀበሉታል፤ በዚያው ቆሻሻ የሚያብዱ ፍጥረታት ግን ከከተማው ውጭ እየበዙ ነው። የጌሙ ምሬት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ ግን ገበያ አለበትና ቶሎ አይለፋት።

ቺታን የምትባለው አሰልጣኝ በኡማሚ ክሪስታል አዳዲስ ችሎታዎችን ታስተምራለች። ክሪስታሎቹ በየስርቻው ተደብቀው ስለሚገኙ ወደ ከተማ ከመመለስዎ በፊት ያለፉበትን ሥፍራ ጠርዝ ጠርዙን ይፈትሹ። ሹካውን ለማጠንከር የሚያስፈልጉት ከማይዝግ ብረት የሆኑ ቅርሶችም እንዲሁ ዳር ዳሩን ነው የሚገኙት።

በከተማዋ የቅርፊት ሱቅ ደግሞ ኢንሹራንስ ይሸጣል። የወደዱትን አንድ ቅርፊት ካስመዘገቡ ከሞቱ በኋላ ያንኑ ለብሰው ይነሳሉ። አንድ ከባድ ቦስ ላይ ደጋግሞ ለሚሞት ሰው ይህ ወጪ ቶሎ ይመለሳል፤ በየሙከራው ቅርፊት ፍለጋ መዞር ይቀርለታልና።

9. ከቦስ ጋር ሲገጥሙ

የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና የዘበኞች አለቃ ኔፍሮ ነው፤ ቀጥሎ ራሷ ማጂስታ ትመጣለች። ለሁለቱም ሥርዓቱ አንድ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ለማሸነፍ አይሞክሩ። የሚፋለሙበትን ሜዳ ይዙሩ፣ የተጣሉ ቅርፊቶች የት የት እንዳሉ ያስታውሱ፣ የቦሱን ምቶች ይቁጠሩ። ሁለት ይመታል ወይስ ሦስት? ከመጨረሻው ምት በኋላ ምን ያህል ይቆማል? መድኃኒት የሚሆነውን ኸርትኬልፕ የሚበሉትም በዚያው ክፍተት ነው፤ ጤና ስላነሰ ብቻ በምት መሐል የበላ ሰው ሳይውጠው ይሞታል።

በአሸዋማው ሜዳ ፓጉረስ ይንከራተታል። ስሙ ቅርፊት ተውሰው ከሚኖሩት ሸርጣኖች የሳይንስ ስም የተወሰደ ነው፤ ግዙፍ ነው፣ ክሪልን ከያዘው አንስቶ ይበላዋል፣ ሙሉ ጤናም አያድንም። መልካሙ ነገር ታሪኩን ለመቀጠል እሱን መግደል ግዴታ አለመሆኑ ነው። ሲያዩት ይሩጡ። ጉልበት ሲያገኙ ይመለሱበታል።

ቶፖዳ ግን የሚታለፍ አይደለም። በጌሙ ውስጥ ያለ ጫካ ጠባቂ የሆነው ቶፖዳ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል የባሕር ፍጥረት ሲሆን የሚዋጋው በቡጢ ነው። ጌሙ ብዙም አላጋነነም። በ2004 በካሊፎርኒያ የተካሄደ ምርምር የእውነተኛው ማንቲስ ሽሪምፕ ምት በሰኮንድ እስከ 23 ሜትር እንደሚፈጥን ለክቷል። ክንዱ ውኃውን በዚያ ፍጥነት ሲከፍል የሚፈጠሩት አረፋዎች ፈንድተው ሁለተኛ ጉዳት ያደርሳሉ። በዚያ ፍጥነት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይሰብራል። ስለዚህ ቶፖዳ ፊት ከባድ ቅርፊት ለብሶ ቆሞ መመከት አያዛልቅም። ቀላል ቅርፊት ይልበሱ፤ ክንዱን ወደኋላ ሲስብ ወደ ጎኑ ይንከባለሉ፤ ከቡጢው በኋላ በጎኑ ይውጉት። ካሸነፉት ቡጢው ራሱ የእርስዎ ይሆናል፤ በኡማሚ የሚሠራ፣ የጠላትን ሚዛን ከሚያናጉት ችሎታዎች አንዱ ነው።

10. ካበቃ በኋላ

ዋናውን ታሪክ ብቻ የሚከተል ሰው ከ15 እስከ 20 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። ሁሉንም ቅርፊት ልሰብስብ ያለ ግን ጥቂት ቀን መጨመር አለበት።

የባሕር ፍጥረታት ድብድብ የጣመው፣ የዚህኛው ታሪክ ግን የከበደው፣ የጃፓኑ ካላፓ ጌምስ በ2020 ያወጣውን «ፋይት ክራብ» ይሞክር። እዚያ ታሪክ የለም ማለት ይቻላል። እውነተኛ መልክ ያላቸው ሸርጣኖች ሰይፍና ጠመንጃ ሳይቀር ይዘው ይገጥማሉ፤ ተጫዋቹ በግራው ማንቀሳቀሻ የግራውን ጥፍር፣ በቀኙ የቀኙን ያዛል። ማንም አይሞትም። ተቀናቃኙን በጀርባው ገልብጦ ሦስት እስኪቆጠር እንዳይነሳ ያደረገው አሸናፊ ነው፤ እንደ ትግል ውድድር። ጥፍሮቹን ለየብቻ ማዘዝ መጀመሪያ ላይ እጅን ስለሚያወናብድ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች መሣሪያ ሳይዙ፣ በመግፋትና በመገልበጥ ብቻ ይጀምሩ፤ ሰይፉ በኋላ ይደረስበታል።